ሌሊት ብቻውን የሚነቃ ላፕቶፕ፦ ቀስቃሹን ለይቶ የማስቆም መመሪያ

ማታ ክዳኑን ዘግተው ያስቀመጡት ላፕቶፕ እኩለ ሌሊት ላይ ማራገቢያው ሲጮህ ሰምተው ይሆናል። ወይም ሙሉ የነበረው ባትሪ ጠዋት ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት፣ ማሽኑም ቦርሳ ውስጥ እጅ እስኪያቃጥል ግሎ አግኝተውት ይሆናል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ይዞ ምክር ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም፦ «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው» ወይም «ዊንዶውሱን እንደገና አስጭነው»። ሁለቱም ገንዘብና ጊዜ ይበላሉ፤ ችግሩን ግን ብዙውን ጊዜ አይነኩትም። ማሽኑን የሚቀሰቅሰው ነገር በቦታው እስካለ ድረስ አዲሱም ባትሪ ሌሊቱን አይዘልቅም።

ደግነቱ ዊንዶውስ ማን እንደቀሰቀሰው ይመዘግባል። ስለዚህ አንድም ነገር ከማጥፋትዎ በፊት እሱኑ ይጠይቁት። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

መመሪያው በዋናነት ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ ስለ ማክና ሊኑክስ መጨረሻ አካባቢ ጥቂት ብያለሁ። የምናሌዎችንና የትእዛዞችን ስም በእንግሊዝኛ እንደሚነበቡት በፊደላችን አስቀምጬአለሁ፤ እርስዎ ሲጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ከመነካካትዎ በፊት የኮምፒውተር ክፍሉን ያነጋግሩ፤ የለወጡትን ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ሥርዓት በማግስቱ ሊመልሰው ይችላል።

ነቅቷል ወይስ ከነጭራሹ አልተኛም?

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ስታርት ከሚለው ምናሌ ፓወር፣ ቀጥሎ ስሊፕ የሚለውን ይጫኑና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ስክሪኑ ጠፍቶ ማራገቢያው መዞሩን ከቀጠለ፣ ወይም ማሽኑ በራሱ ጊዜ መተኛት ሲገባው ሰዓታት ሙሉ በርቶ ከቆየ፣ እንቅልፍ የነሳው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን ለማጣራት ስታርት ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ይጻፉ። ኮማንድ ፕሮምፕት ሲመጣ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭነው «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ይምረጡ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት የምንጠቀምበት ትእዛዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፦ ፓወርሲኤፍጂ። አጻጻፉ ፓወር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ሲ፣ ኤፍ እና ጂ የሚሉት ፊደላት ያለ ክፍተት ይከተሉታል። ከዚያ አንድ ክፍተት፣ አንድ ያዘነበለ ሰረዝ፣ ቀጥሎም የሚፈልጉት ጥያቄ ይገባል። ለአሁኑ፦

ፓወርሲኤፍጂ /ሪኩዌስትስ

በየርዕሱ ሥር «ነን» (በእንግሊዝኛ «ምንም» ማለት ነው) ብሎ ከመለሰ ማሽኑን ነቅቶ እንዲቆይ የጠየቀ የለም። ከርዕሶቹ በአንዱ ሥር የድምፅ ካርዱን ጠቅሶ «ኦዲዮ ስትሪም» የሚል ካመጣ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተከፈቱት የብራውዘር ገጾች አንዱ ውስጥ ቪዲዮ ወይም ሙዚቃ እየሄደ ነው። ገጹን ይዝጉትና ትእዛዙን ይድገሙ። የዚህ ዓይነቱ ጣጣ ብዙውን ጊዜ በዚህ ያልቃል።

ማን ቀሰቀሰህ?

መተኛቱን በደንብ ተኝቶ በኋላ የሚነቃ ከሆነ ወደዚህኛው ጥያቄ ይሂዱ፦

ፓወርሲኤፍጂ /ላስትዌክ

ላስት እና ዌክ የሚሉት ቃላት ተያይዘው ይጻፋሉ። በመልሱ ላይ «ታይፕ» ከሚለው ፊት ለፊት «ዲቫይስ» ካለ ከሥሩ የዕቃውን ስም ያገኛሉ፦ ማውስ፣ የኔትወርክ ካርድ ወይም የዩኤስቢ መገናኛ ሊሆን ይችላል። «ፊክስድ ፊቸር» እና «ፓወር በተን» ካለ ማብሪያ ቁልፉን ወይም ክዳኑን ይጠርጥሩ።

ይህ ትእዛዝ አንድ ወጥመድ አለው። የሚነግርዎ የመጨረሻውን መንቃት ብቻ ነው። ማሽኑ ሌሊት ነቅቶ ተመልሶ ከተኛና ጠዋት እርስዎ ክዳኑን ከፍተው ካስነሱት፣ የመጨረሻው ቀስቃሽ እርስዎ ነዎት! ዊንዶውስ ደግሞ ሰው ሳይነካው ከነቃ፣ ካልተለወጠ በስተቀር በ2 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ እንዲተኛ ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ እውነተኛውን መዝገብ መክፈት ያስፈልጋል፦

1. ስታርት ላይ ኢቨንት ቪውወር ብለው ጽፈው ይክፈቱ።
2. በግራ በኩል ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከሥሩም ሲስተም የሚለውን ይምረጡ።
3. በቀኝ በኩል ፊልተር ከረንት ሎግ የሚለውን ተጭነው «ኢቨንት ሶርስስ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ፓወር-ትረብልሹተር የሚለውን ምልክት ያድርጉበት።

የሚቀሩት መስመሮች እያንዳንዳቸው የአንድ መንቃት መዝገብ ናቸው። አንዱን ሲጫኑ ከታች ሦስት ነገር ይነበባል፦ የተኛበት ሰዓት፣ የነቃበት ሰዓት፣ የቀስቃሹ ማንነት። ሰዓቱን ሲያነቡ ይጠንቀቁ። መጨረሻው ላይ ዜድ የሚለው ፊደል ያለበት ሰዓት ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት እንጂ የአገርዎ አይደለም። አዲስ አበባ፣ አስመራ ወይም ሪያድ ያለ ሰው 3 ሰዓት ይደምርበታል፤ ዱባይ ያለ ደግሞ 4። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ መዝገቡ 23:00 ብሎ የትናንቱን ቀን ካሳየ ሦስት ሲደመርበት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2:00 ይሆናል፤ ይኸውም በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ይህች ሰዓት ደጋግማ ከመጣች ደግሞ ቀስቃሹ ከወዲሁ ታውቋል፦ ዊንዶውስ ራሱ የጥገና ሥራውን የሚጀምርበት የተለመደ ሰዓት ነው።

የጥቂት ሌሊቶችን መዝገብ ጎን ለጎን ይመልከቱ። በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት የሚነቃ ከሆነ የሰዓት ቀጠሮ አለበት። አንዴ 6 ሰዓት፣ አንዴ 9 ሰዓት ተኩል የሚነቃ ከሆነ ዕቃ፣ ኔትወርክ ወይም መብራት ነው የሚያስነሳው።

ቀጠሮ የያዙለት ፕሮግራሞች

ፓወርሲኤፍጂ /ዌክታይመርስ

ይህ ወደፊት የተያዙ ቀጠሮዎችን ይዘረዝራል፦ የትኛው ፕሮግራም፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት። አፕዴት ኦርኬስትሬተር የሚል ስም ካዩ የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው። የመጠባበቂያ ቅጂ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም እዚህ ይገኛሉ።

ማጥፊያው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ነው። ፓወር ኦፕሽንስ ገብተው ከሚጠቀሙበት ዕቅድ ጎን ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ ይበሉ። በምትከፈተው ትንሽ መስኮት ውስጥ ስሊፕ የሚለውን ዘርግተው «አላው ዌክ ታይመርስ» የሚለውን ያገኛሉ። በባትሪ ላይ ሲሆን አንድ፣ ቻርጀር ላይ ሲሆን ሌላ ምርጫ አለው። በባትሪ ያለውን ያለ ማመንታት ዲስኤብል (የጠፋ) ያድርጉት፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ላፕቶፕ ሌሊት ተነስቶ የሚሠራው ምንም ቁም ነገር የለም። በቻርጀር ያለው ግን እንደ አኗኗርዎ ነው። በርካሽ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ትልልቅ ፋይሎችን በቀጠሮ የሚያወርድ ሰው ይህን ካጠፋ ጥቅሉ ሳይነካ ያድራል። «ኢምፖርታንት ዌክ ታይመርስ ኦንሊ» የሚለው መካከለኛ ምርጫ ቀጠሮዎቹን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም፤ ማሻሻያ ጨርሶ እንደገና መነሳት የሚፈልግ ዊንዶውስ አሁንም ሊነሳ ይችላል።

የሌሊት 8 ሰዓቱ ጥገና የራሱ ማጥፊያ አለው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሲኪዩሪቲ ኤንድ ሜንተናንስ፣ ከዚያ ሜንተናንስ የሚለውን ዘርግተው ቼንጅ ሜንተናንስ ሴቲንግስ ይግቡ። እዚያ ኮምፒውተሩን በቀጠሮው ሰዓት ለመቀስቀስ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ጥገናው አይቀርም፤ ላፕቶፑ ቀን በርቶ ሥራ ሲፈታ ይካሄዳል።

አንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ የሚያስቸግርዎ፣ ታስክ ስኬጁለር በሚባለው የዊንዶውስ የቀጠሮ መያዣ ውስጥ ስሙን ፈልገው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮንዲሽንስ የሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩን ቀስቅሶ እንዲሠራ የሚያዘውን ምልክት ያጥፉ። የዊንዶውስ ማሻሻያ ሥራዎች ላይ ግን ይህን ለማድረግ አይድከሙ፤ አንዳንዶቹ አይፈቅዱም፣ ሌሎቹ ደግሞ በሚቀጥለው ማሻሻያ ወደነበሩበት ይመለሳሉ።

ማውስ፣ ኪቦርድ እና ኔትወርክ

ፓወርሲኤፍጂ /ዲቫይስኩዌሪ ዌክ_አርምድ

በዚህኛው ላይ ዌክ እና አርምድ በሚሉት ቃላት መካከል የምትገባው የታች ሰረዝ ናት። የሚመጣው ዝርዝር የመቀስቀስ ፈቃድ ያላቸውን ዕቃዎች ያሳያል። ፈቃድ ማግኘት ቀሰቀሰ ማለት አይደለም፤ ዝርዝሩን ከኢቨንት ቪውወሩ መዝገብ ጋር ያስተያዩት እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያጥፉ።

ከዕቃዎቹ ሁሉ በብዛት የሚገኘው ጥፋተኛ ገመድ አልባ ማውስ ነው። ትንሿ መቀበያው ዩኤስቢው ላይ እንደተሰካች ትቀራለች፣ ማውሱም ሳይጠፋ ላፕቶፑ ጎን ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ይነቃነቃል፣ ማሽኑንም ያነሳል። ጠረጴዛ ላይ ያደረም ቢሆን ከባድ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ባለ ቤት ትንሽ ንዝረት ይበቃዋል።

ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱና ማውሶች ከተዘረዘሩበት ክፍል የራስዎን ሁለት ጊዜ ይጫኑ። ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ላይ «አላው ዚስ ዲቫይስ ቱ ዌክ ዘ ኮምፒውተር» ከሚለው ፊት ምልክቱን ያንሱ። ገጹ ከናካቴው ከሌለ አይደናገጡ፤ በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የተለመደ ነው። ያኔ ጥቁሩ መስኮት ውስጥ ፓወርሲኤፍጂ /ዲቫይስዲስኤብልዌክ ብለው፣ ቀጥሎ የዕቃውን ስም ከላይ በመጣው ዝርዝር እንደተጻፈው፣ በቅንፉ ውስጥ ካለው ቁጥር ጭምር ገልብጠው በትእምርተ ጥቅስ መካከል ያስገቡ። ኪቦርዱን ግን ቢተዉት እመርጣለሁ። ክዳኑን ዘግተው በውጭ ስክሪን የሚሠሩ ከሆነ አንድ የሚያስነሳው ነገር ያስፈልግዎታል። ቡና ወይም ውኃ ፈሶበት የነበረ ኪቦርድ ካልሆነ በስተቀር በራሱ ፊደል አይጫንም።

የኔትወርክ ካርዱ ሌላ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማስነሳት የሚያገለግል ማጂክ ፓኬት የሚባል መልእክት አለ፤ በውስጡ የካርዱ መለያ አድራሻ 16 ጊዜ ይደጋገማል። የድርጅት ባለሙያዎች ማሽኖችን ሌሊት አስነስተው ለማደስ ይጠቀሙበታል። ቤት ውስጥ ላለ ላፕቶፕ ግን ጥቅም የለውም። በዲቫይስ ማኔጀር የኔትወርክ ካርዱን ከፍተው የመቀስቀስ ፈቃዱን ያንሱ፤ አድቫንስድ በሚለው ገጽ ደግሞ ዌክ ኦን ማጂክ ፓኬት እና ዌክ ኦን ፓተርን ማች የሚሉትን ዲስኤብል ያድርጉ። ይበልጥ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፤ ከማጂክ ፓኬት ውጭ ያለ ተራ የኔትወርክ መልእክትም ማሽኑን እንዲያስነሳ ይፈቅዳል።

መብራት ሲመጣ የሚነሳ፣ ክዳኑ የሚያታልለው

ይህኛው ለእኛ አገር አንባቢ ከሁሉም ይቀርባል። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ተኝቷል፤ ሌሊት መብራት ይጠፋል፣ ተመልሶም ይመጣል። ለማሽኑ ይህ ቻርጀሩ ተነቅሎ እንደተሰካ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች በዚያች ቅጽበት ይነሳሉ። በኢቨንት ቪውወሩ ላይ ያለው ሰዓት መብራት ከመጣበት ሰዓት ጋር ከገጠመ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ቀላሉ መፍትሔ ማታ ቻርጀሩን መንቀል ነው፤ ሁለተኛው ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚሠራው የማሽኑ የራሱ መሠረታዊ ሶፍትዌር ውስጥ ነው።

ወደ ባዮስ ለመግባት ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያበሩ ወዲያው አንድ ቁልፍ ደጋግመው ይጫናሉ፤ ዴል፣ ኤሰር እና አሱስ ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1። ስሞቹ እንደ አምራቹ ቢለያዩም የሚፈልጉት ዌክ ኦን ኤሲ፣ ዌክ ኦን ላን፣ ዩኤስቢ ዌክ እና ክዳን ሲከፈት መነሳትን የሚመለከቱትን ነው። የሚያውቁትን ብቻ ያጥፉና አስቀምጠው ይውጡ። ከድርጅት የወጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ እነዚህ ፈቃዶች በርተው መገኘታቸው ያጋጥማል፤ የባሰ የሚሆነው ባዮሱ በቀድሞ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ተቆልፎ ሲገኝ ነው። ያገለገለ ሲገዙ ሻጩ ፊት ባዮሱን ከፍተው ይዩት።

ክዳኑም ያታልላል። መዘጋቱን የሚለየው በውስጡ ያለች ትንሽ ማግኔት ከታች ካለው ጠቋሚ ጋር ስትገናኝ ነው። ማጠፊያው ላልቶ ክዳኑ ገርበብ የሚል ከሆነ ቦርሳ ውስጥ ትንሽ መወዛወዝ ብቻ ክፍት ያስመስለዋል። ሌላ ላፕቶፕ ወይም ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ላዩ ላይ ማስቀመጥም ጠቋሚውን ያሳስተዋል። ለመፈተን ክዳኑን ዘግተው ጠርዙን በጣት በቀስታ ጫን ለቀቅ ያድርጉት፤ መብራቱ ከበራ ወይም ማራገቢያው ከተነሳ ሶፍትዌሩን ይተዉትና ማጠፊያውን ያስጠግኑ።

አዲሱ ዓይነት እንቅልፍ

እስካሁን ያለው ሁሉ ካልሠራ ላፕቶፕዎ የሚተኛው በየትኛው ዓይነት እንደሆነ ይወቁ። ፓወርሲኤፍጂ ብለው ካዘነበለው ሰረዝ ቀጥሎ ኤ የምትለውን አንዲት ፊደል ብቻ ይጻፉ። ከሚገኙት መካከል ኤስ3 ካለ የድሮው እንቅልፍ ነው፤ በዋናነት ራም (የተከፈተው ሥራ ለጊዜው የሚያዝበት ማህደረ ትውስታ) ኃይል ያገኛል፣ ሌላው አብዛኛው ይቆማል። ኤስ0 ሎው ፓወር አይድል የሚል ከሆነ ግን ሞደርን ስታንድባይ የሚባለው ነው። ይህኛው አንድ ዓይኑን ገልጦ እንደሚያንቀላፋ ዘበኛ ነው፤ ከኢንተርኔቱ ጋር እየተገናኘ ኢሜይል ይቀበላል፣ ማሻሻያ ይፈልጋል። አምራቾቹ እንደ ስልክ ወዲያው እንዲነሳ ብለው ያመጡት ነው። እኔ ግን የድሮውን እመርጣለሁ፤ ላፕቶፕ ስልክ አይደለም።

በእነዚህ ላይ ላስትዌክ ብዙውን ጊዜ ባዶ ይመልሳል። በምትኩ ፓወርሲኤፍጂ /ስሊፕስተዲ ይጻፉ። ሪፖርቱ የተቀመጠበትን ቦታ ይነግርዎታል፤ ፋይሉን በብራውዘር ከፍተው ረዥም ጊዜ የቆዩትን እንቅልፎች አንድ በአንድ ሲጫኑ ኃይል የበሉትን ዕቃዎችና ፕሮግራሞች በቅደም ተከተል ያሳይዎታል። ዋይፋይ ካርዱ ላይኛው ቦታ ላይ ከተቀመጠ ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ኤሮፕሌን ሞድ ማብራት ራሱ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ቻርጀሩንም አስቀድመው ነቅለው፣ ከዚያ ክዳኑን ይዝጉ፤ ቻርጀር ላይ ሆኖ የተኛ ማሽን በሰፊው የመሥራት ፈቃድ ይዞ ወደ ቦርሳ ሊገባ ይችላል። በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብሮች በሚቀመጡበት መዝገብ) የድሮውን እንቅልፍ አስገድደው እንዲመልሱ የሚመክሩ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። ኤስ3 ባዮሱ ውስጥ በሌለበት ማሽን ላይ ይህ አይሠራም፤ አንዳንዱም ከተኛ በኋላ ሳይነሳ ይቀራል።

ለሞደርን ስታንድባይ ቁርጥ ያለው መፍትሔ ሃይበርኔት ነው። የተከፈተውን ሥራ ሁሉ ወደ ዲስክ ጽፎ ማሽኑን ያጠፋዋል፤ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። ፓወርሲኤፍጂ /ሃይበርኔት ኦን ብለው ይፍቀዱት። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ በግራ በኩል ክዳን ሲዘጋ የሚሆነውን ወደሚመርጡበት ገብተው በባትሪም በቻርጀርም ሃይበርኔት ያድርጉት። ሲ ዲስክ ላይ ሲጀመር የራምዎን 40 በመቶ ያህል ቦታ ይይዛል፤ 8 ጊጋባይት ራም ላለው ከ3 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ኤስኤስዲ (ፈጣኑ አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ባለው ማሽን በሰከንዶች ይነሳል፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ ለሚኖር ላፕቶፕ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ መብራት ድንገት ቢጠፋ ተራ እንቅልፍ ላይ ያለ ሥራ ይጠፋል፣ በሃይበርኔት ያለው አይነካም።

ማክና ሊኑክስ

ማክ ላይ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ባተሪ፣ ኦፕሽንስ ገብተው ዌክ ፎር ኔትወርክ አክሰስ የሚለውን ኔቨር ያድርጉ። ኢንቴል ባላቸው ላይ ፓወር ናፕ የሚለው ካለ እሱንም ያጥፉ። ሊኑክስ ተጠቃሚ በፕሮክ አቃፊ፣ ኤሲፒአይ ውስጥ ዌክአፕ የሚለውን ፋይል ቢያነብ ፈቃድ ያላቸውን ዕቃዎች «ኢኔብልድ» ተብለው ያገኛቸዋል። የአንዱን ስም ወደዚያው ፋይል ሲጽፉበት ፈቃዱ ይገለበጣል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ግን ወደነበረበት ይመለሳል።

ፈተናው

በአንድ ሌሊት አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። አምስቱን በአንዴ አጥፍተው ችግሩ ቢቆም የትኛው እንደነበረ አያውቁትም፤ ወር ሳይሞላ ማውሱ ለምን አያስነሳውም ብለው መፈለግ ይጀምራሉ። ጠዋት ኢቨንት ቪውወሩን ይክፈቱ፤ እርስዎ ራስዎ ካስነሱበት ሰዓት በቀር ሌላ መስመር ከሌለ አልቋል። ሁሉንም አድርገው፣ ዩኤስቢው ላይ አንድም ነገር ሳይሰካ፣ ቻርጀሩም ተነቅሎ አሁንም የሚነቃ ከሆነ ነገሩ ከማብሪያ ቁልፉ፣ ከክዳኑ ጠቋሚ ወይም ከቦርዱ ነው። ወደ ጠጋኝ ሲወስዱት የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አንስተው ይዘው ይሂዱ፤ ገና ሳያየው «ዊንዶውሱን ልጫንበት» ካለዎት መጀመሪያ ፎቶውን ያሳዩት።